ውርጭ የማይቀመጥበት መሬት

በጆሃንስበርግ ካለነው ሐበሾች መካከል መሬት ማንበብ የሚችል ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ነኝ። ጉራ ነው የሚል ይበል፤ የሠራሁበት ጉራ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ስሆን፣ ዲግሪ የጫኑ መሐንዲሶች የጫማዬን ዱካ እየረገጡ ሲከተሉኝ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግሊዝኛን ከዕቃ ካርቶን ላይ እያነበብኩ ለመድኩት። ዙሉኛን ደንበኞቼ ሲሰድቡኝ ተማርኩት። የከሰል መሬትን ግን ያስተማረኝ ሰው አለ። ይህን የምጽፈውም በእሳቸው ምክንያት ነው።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ታንዲ ደወለችልኝ። ታንዲን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ የመንገዱ ኃላፊ ሆናለች። መንገድ ስል የእግር መንገድ ማለቴ ነው። ከጀርሚስተን ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታው ላይ ሲደርስ፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ይቆፈርበት የነበረ ሰፊ ሜዳ አለ። ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበታል። የከተማ ሰው ቅዳሜና እሑድ በአውቶቡስ እየመጣ የሚንሸራሸርባቸው አራት መስመሮች አሉት። ሦስተኛው አደጋ ደርሶበት ለአሥራ አንድ ዓመት ተዘግቶ ነበር።

«ባባ፣» አለችኝ ታንዲ፣ «ሦስተኛውን መስመር ልንከፍተው ነው። ስሙም በእርስዎ እንዲሆን ወስነናል።»

በዚያው ቀን ጀፕ፣ ሐበሻ የሚነግድበት ሰፈር፣ ሄጄ ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ። ምሳ ቤት ውስጥ አንዱ፣ «ጋሽ ላምቤቦ፣ ጎዳና ተሰየመልህ አሉ፤ እንግዲህ በነፃ አታስገባንም ወይ?» ብሎ ቀለደብኝ። «ጎዳናማ ለሹም ሁሉ ይሰየማል። ለእኔ የተሰየመልኝ መሬት ነው፤ ያውም በእጄ ያዳንኩት» አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለሦስት ቀን ያህል ከራሴ ጋር ስስቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰሌዳውን ለማየት አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ፌርማታው ላይ ተተክሏል፤ ገና ላስቲኩ አልተነሣለትም። ከላይ በትልቁ «የላምቤቦ መስመር» ይላል። ዝቅ ብሎ በትንሽ ፊደል ደግሞ፣ በቀድሞ መሪ ስሕተት በደረሰ አደጋ ተዘግቶ የቆየ መስመር መሆኑን ይናገራል።

ያ የቀድሞ መሪ፣ መሬት ያስተማሩኝ ሰው፣ ስሕተት አልሠሩም። የሠራው ማን እንደሆነ በሕይወት ካሉት ሰዎች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። መንገዱ የሚከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ስሜና የእሳቸው ስሕተት በአንድ ሰሌዳ ላይ ተዳብለው እንዲኖሩ ልተወው ወይስ አልተወው፣ ለመወሰን አሥር ቀን ነበረኝ።

እዚህ አገር የገባሁት በትከሻዬ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሜ በሶዌቶ በር ለበር ስዞር ዓመታት አለፉ። በኋላ ከከሰሉ ሜዳ አጠገብ ካለው ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏትን፣ ከፈትኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰዎች በሰልፍ መጡና ዕቃውን ወሰዱት፤ ከዚያ መደርደሪያውን፣ ከዚያ ቆርቆሮውን። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። በማግስቱ ከሜዳው በር ላይ የቀን ሠራተኛ ሲመዘግቡ ተሰለፍኩ።

መዝጋቢው ኩስ የሚባል ነጭ ካቦ ነበር፤ ፊቱ ፀሐይ የላጠው። «ማይ ፍሬንድ፣ እዚህ አየር ሰዓት አንሸጥም» አለኝ። ሐበሻ ባለ ሱቅን ሁሉ በዚህ አገር «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት፤ ወዳጅነት የለበትም። ከግድግዳው ጥግ ዲጂኖ አንሥቼ እሱ ሲያስቆፍረው የዋለውን ድንጋይ ነቀልኩለት። ስሜን ጻፈ። ደሞዙ ትንሽ፣ ፊርማው ብዙ ነበር፤ ስለ ደሞዙ ይህ ይበቃል።

ሥራው የሞተ መሬት ማልበስ ነው። ከሰል ሲወጣ መሬቱ ይገለበጣል፤ ሆዱ ወደ ላይ ይመጣል። የላይኛው አፈር ለብቻው ተጠብቆ መጨረሻ ላይ ካልተመለሰ፣ መቶ ኩንታል ዘር ብትበትንበት አይበቅልም። ውሃው ዝገት መስሎ ይፈሳል፤ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ኖራ በትነን እናክመዋለን። እኔ ገበሬ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና አንድ ቀን ዶዘሩ የሆዱን አፈር ከላይ ሲያለብስ በጣቴ ቆንጥሬ ቀምሼ አወቅሁ። ለኩስ ነገርኩት። «ባለ ሱቁ አፈር ይበላል» ብሎ ሠራተኛውን አሳቀብኝ። በዓመቱ ያ ተዳፋት ራሰ በራ ሆኖ ቀረ። ያን ቀን ያልሳቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

እኒያ ሽማግሌ ንታቴ ሞሌፌ ናቸው። ንታቴ በሶቶ ቋንቋ አባት ማለት ነው። ከሌሶቶ ተራሮች በወጣትነታቸው ወርደው ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ቆፍረዋል። የቀራቸው ሳልና ጆሮ ነበር። ጆሮ ስል ቀልድ አይደለም። ከሜዳው ሥር የድሮ ዋሻዎች አሉ፤ አንዳንዱ ውስጥ የተረፈው ከሰል በራሱ ተቀጣጥሎ ያለ ነበልባል ለዓመታት ይነድዳል። ከላይ ሣር ነው፤ ከታች ምድጃ። የት ደንዳና፣ የት ባዶ፣ የት እሳት እንደሆነ የሚለዩት ንታቴ ነበሩ። ከራሰ በራው ተዳፋት በኋላ መጥተው፣ «አፈር የቀመስከው አንተ ነህ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «ነገ ዘንግ ይዘህ ተከተለኝ።»

ሰባት ዓመት ተከተልኳቸው።

ዘንጉ የሰው ቁመት ያለው፣ ጫፉ የሾለ ብረት ነው። ንታቴ መሬቱን አይመቱበትም፤ አንሥተው በራሱ ክብደት ይለቁታል። «የተመታ ሰውም የተመታ መሬትም ይዋሻል፤ ዝም ብለህ ጠይቀው» ይሉኝ ነበር። ደንዳና መሬት ድምፁን እጅህ ላይ ያስቀረዋል። ባዶ መሬት ድምፁን ይዞብህ ይሄዳል። ስንጥቅ ሲያዩ ደረቅ ሣር አፉ ላይ ይይዛሉ፤ ሣሩ ወደ ላይ ከተንቀጠቀጠ መሬቱ ይተነፍሳል ማለት ነው። ሙቀት የሚለኩት በእጃቸው ጀርባ ነው። «መዳፍህ ሠርቶ ደንዝዟል። ጀርባው ገና ሕፃን ነው።»

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የክረምት ነው። እዚህ አገር ሐምሌ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ንጋት ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆናል። እሳት ያለበት ቦታ ብቻ ጥቁር፣ እርጥብ ሆኖ ይታያል። ንታቴ ዘንጋቸውን ወደዚያ ይጠቁሙና፣ «ውርጭ የማይቀመጥበት መሬት ላይ ሰው አይቁም» ይላሉ። ይህን የውርጭ ጽሑፍ ማየት የሚቻለው ፀሐይ እስክትሞቅ ነው። ረፋዱ ላይ ውርጩ ሁሉ ይቀልጥና ሜዳው አንድ ዓይነት ይመስላል። ሜዳው ለጎብኚ ከተከፈተ ወዲህ የመንገዱ መሪ ንታቴ ናቸው፤ የመጀመሪያው የጎብኚ አውቶቡስ የሚመጣው ደግሞ ረፋዱ ላይ ነው። ስለዚህ ንታቴ በየቀኑ ንጋት ላይ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዱታል። ያንን ሳይራመዱ እህል አይቀምሱም። የኦርቶዶክስ ወዳጆቼ ከቁርባን በፊት እንደሚጾሙት ዓይነት ነው፤ ገንፏቸው በቆርቆሮ ሣህን ተከድኖ በር ላይ ይጠብቃቸዋል።

«ትናንት ተራምደነው የለም ወይ?» አልኳቸው በመጀመሪያው ወር።

«እሳቱ ተኝቶ አደረ? ሌሊቱን ሲበላ ነው ያደረው። አንተም ሳትበላ እየው።»

መስመሩን የሚያሳየው ነጭ ጫፍ ያለው ችካል ነው። ንታቴ ችካል ሲተክሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ይመታሉ፤ ችካሉም ትንሽ ወደ ደህናው ወገን ያዘነብላል። እኔ ግን ቀጥ አድርጌ ነው የምተክለው። ቀጥ ያለ ችካል ያምራል። «ያምራል፤ ግን ምንም አይናገርም» ይሉኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማዕድን ማውጫ ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ሁሉ ቁጥር ያለበት ናስ ይወስዳል፤ ሲወጣ ይመልሳል። ናሱ ካልተመለሰ ሰው ታች ቀርቷል ማለት ነው። ንታቴ ናሱን በጠጠር ተኩት። ከአውቶቡስ ለሚወርደው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ለስላሳ ጠጠር ይሰጣሉ፤ ሲመለስ እየተቀበሉ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላሉ። ሕፃናት ይወዱት ነበር። አዋቂዎቹ ጨዋታ ይመስላቸዋል።

በአምስተኛው ዓመት እኔ ከንታቴ እበልጣለሁ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ዛሬም ቢሆን በጆሮ አልበልጣቸውም እንጂ በዓይን እበልጣቸው ነበር። ጉልበታቸው አብጦ ማዝገም ጀምረው ነበር። ጎብኚ ሲመጣ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ፎቶ ሲነሣ መሐል የምቆመው እኔ ነበርኩ።

በሰባተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ከሦስተኛው መስመር በስተግራ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ቦታ አገኘሁ። ዙሪያው ደርቆ ሣሩ አረንጓዴ ነው። ቁጭ ስልበት መሬቱ ሞቀኝ። ወገቤን ያመኝ ነበርና ጋደም አልኩበት። እንዴት እንደተሻለኝ! እኔ ባደግሁበት አገር መሬት ሲሞቅ ሰው ይደሰታል። ፍል ውሃ አለና፤ ጉልበቱ የያዘው፣ ቆዳው ያመመው በበቅሎ ተጭኖ ይመጣል። ከመሬት የሚወጣ ሙቀት ለእኛ ምሕረት ነው። ለንታቴ ግን ሞት ነው። በዘወርዋራ ጠየቅኋቸው፤ «ከመስመሩ በስተግራ ያለው አረንጓዴ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ከሥሩ የሚበላ ነገር አለ። አትሂድበት።»

ሄድኩበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዘንግ ጠየቅሁት፤ ድምፁ እጄ ላይ ቀረ። ደንዳና ነው። ሽማግሌው ፈርተዋል አልኩ በልቤ።

በዚያው ወር የጀፕ ሰዎች አውቶቡስ ተሳፍረው ሥራዬን እንዲያዩ ጋብዣቸው ነበር። ከመካከላቸው ዘነበች ነበረች። ጀፕ ምግብ ቤት ያላት፣ ሁሉ «እትዬ ዘነበች» የሚላት፣ እኔ ግን እኩያዋ ስለሆንኩ «ዘነቡ» የምላት ሴት ናት። ሃያ ዓመት ምድጃ ሥር ቆማ እግሯ ተበላሽቷል። «እግሬን የምታስኬድልኝ ከሆነ እመጣለሁ፤ ድንጋይ ልታሳየኝ ከሆነ አልመጣም» ብላኝ ነበር። «ያስኬድሻል ብቻ አይደለም፣ ያድንሻል» ብያታለሁ። ብያታለሁና ቃሌን መጠበቅ ነበረብኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሲሄድ አሥራ አንድ ችካል ነቀልኩ። መስመሩን ወደ ግራ አጥፌ በአረንጓዴው አጠገብ አሳልፌ መለስኩት። የድሮውን ቀዳዳ በሣር ደፈንኩ፤ እጄ ጎበዝ ነው፣ ዱካ አልተውኩም። ችካሎቹንም ቀጥ አድርጌ ተከልኳቸው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ንታቴ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ። ጉልበታቸው እንደ ዳቦ አብጧል። ሦስተኛውን መስመር ከተራመዱት ችካሉን ያዩብኛል።

«ንታቴ፣ ይቀመጡ። እኔ ተራምጄዋለሁ» አልኳቸው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አልተራመድኩም ነበር። ዓርብ አይቼዋለሁ፣ ይበቃል ብዬ ነው። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ተቀመጡ፣ የሣህናቸውን ክዳን ከፈቱና በሉ።

እኔ ያን ንጋት ብራመድ ኖሮ ጥቁሩ ቦታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰፍቶ እስከ ችካሌ መድረሱን አይ ነበር። ውርጩ ጽፎት ነበር። አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ጽሑፉ ቀልጧል።

ሠላሳ ሁለት ሰው ወረደ። ንታቴ ሠላሳ ሁለት ጠጠር ሰጡ። ዘነበች ጠጠሯን አገላብጣ አይታ፣ «ይኼ ምሳ ነው?» አለች።

«ስትመለሺ የምትሰጪው ነው፣ ዘነቡ።»

«ካልመለስኩስ ያስሩኛል?»

ንታቴ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «እስክትመልስ ድረስ አውቶቡሱ አይሄድም በላት» አሉ።

ከአረንጓዴው ቦታ ስንደርስ ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር፤ ከሣሩ መካከል ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ዘነበች ቆመች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። ፊቷ ሲበራ አየሁ።

«ፍል ውሃ ነው! ኧረ በስመ አብ! እዚህ አገር ፍል ውሃ አለ ብሎ የነገረኝ የለም!»

ጫማዋን አወለቀች። ሌሎቹም አወለቁ። አንዱ አማተበ፤ አንዷ ከጸበሉ ለልጄ ልውሰድ ብላ ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙስ አወጣች። ውሃ የለም፣ ትኩሳት ብቻ ነው አላልኩም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የኮራሁበት ቀን የለም።

«ላምቤቦ፣ አንተ ሰውዬ፣ መሬት እንኳ ታስሞቃለህ!» አለችኝ ዘነበች። ከዚያ እንፋሎቱ ወደ በረታበት ሁለት እርምጃ ሄደች።

ጆንያ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። መሬቱ ውጧት ከወገቧ በታች አልታየችም። እሳት አልታየም፤ ግራጫ አመድ ብቻ ነው። ለትንሽ ጊዜ አልጮኸችም፤ እኔን አየችኝ። ዘንጉን ወረወርኩላትና ያዘችው። ሁለተኛውን ጫፍ እኔ ያዝኩ፤ ብረቱ ጋለ፣ አልለቀቅሁም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ቋጥረው በብብቷ አሳለፉ። ስናወጣት ጩኸቱ መጣ። መዳፌ ዛሬም መስመር የለውም፤ እጄን የሚያነብ ጠንቋይ ቢኖር ከእኔ ምንም አያገኝም።

ንታቴ በዚያ ጉልበታቸው እየሮጡ ደረሱ። ሰዎቹን አንድ በአንድ በመጡበት ዱካ አስወጧቸው። አምቡላንሱ ሄደ። ከዚያ ችካሎቹን ተመለከቱ። ቀጥ ያሉ ናቸው። አንዱን በእግራቸው ጫፍ ነኩት። እኔን አዩኝ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። በር ላይ ጠጠሮቹን ተቀበሉ። ሠላሳ አንድ።

ዘነበችን ልጠይቅ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ፣ «ሌሎቹን አወጣሃቸው?» አለችኝ።

«ሁሉንም አወጣን፣ ዘነቡ።»

«ጠጠሬ ጠፋብኝ። እዚያ ውስጥ ነው የወደቀው።» ቀጥላ ደግሞ፣ «ሲጀምር ግን እንዴት ደስ ይል ነበር፣ ሙቀቱ» አለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች።

መርማሪዎቹ በቢሮው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኩስም ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ መስመሩን በዚያ ያሳለፈው ማነው? እኔ ከንታቴ ፊት ለፊት በፋሻ የተጠቀለለ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። «እኔ ነኝ» የምልበትን ዓረፍተ ነገር ከቤቴ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ፤ በእንግሊዝኛ፣ ያለ ስሕተት። ንታቴ ቀድመውኝ ተነሡ።

«መሪው እኔ ነኝ። መስመሩ የኔ ነው» አሉ።

ዓረፍተ ነገሬን ዋጥሁት።

ያለ ጡረታ አሰናበቷቸው። ፌርማታው ድረስ ሸኘኋቸው። ሣህናቸውንና የጠጠር ቆርቆሮውን በላስቲክ ይዘዋል። አውቶቡሱ ሲመጣ እንዲህ አሉኝ፦ «መሪ መስመሩን ሳይራመድ ሰው ካስገባ ጥፋቱ የመሪው ነው። ሳልራመድ በላሁ። የኔን ተናገርኩ። አንተ ያንተን ትናገራለህ።» ተሳፈሩ። በመስኮት አላዩኝም።

ቦታቸውን ለእኔ ሰጡኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ጥሩ መሪ ነበርኩ። አሥር ዓመት አንድ ቀን ሳላጓድል ንጋት ላይ በባዶ ሆዴ ተራመድኩ። አንድ ሰው አልተጫረም። ችካል አዘንብዬ መትከል ተማርኩ። አሥራ አራት መሪዎች አሠለጠንኩ፤ ከሁሉ የበለጠችው ታንዲ ናት። ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ምስጋናውን ተቀብያለሁ። ይገባኝ ነበር። የማይገባኝ የነበረው ወንበሩ ነው። ንታቴ ከሦስት ዓመት በፊት ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ቀብራቸው ላይ አልሄድኩም። ሥራ ነበረኝ ብያለሁ ለራሴ።

ሰሌዳውን ካየሁ በኋላ አምስት ቀን አልተኛሁም። በስድስተኛው ቀን በታክሲ ሶዌቶ ሄድኩ። የንታቴ ልጅ ፓሌሳ የምትኖረው እዚያ ነው፤ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። በር ከፍታ አየችኝ።

«እሺ፣ ማይ ፍሬንድ፣» አለችኝ። አባቷ አንድም ቀን እንዲያ ብለውኝ አያውቁም።

ቆሜ ነገርኳት። አሥራ አንዱን ችካል፣ «ሁሉንም» ያልኩትን ቃል፣ አዳራሹን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «አባቴ ነግሮናል» አለች።

«መቼ?»

«በመጣበት ቀን። ችካሉ ቀጥ ያለ ነበር አለ።» ገብታ የጠጠሩን ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይቆጥረው ነበር። ሠላሳ አንድ። ያ ሰው መጣ ወይ ይለኛል። አልመጣም እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት እህል በአፉ አልዞረም፤ ሠርግ ላይ እንኳ እስከ ቀትር ይጾማል። አንተ ምን ልትሰጠኝ ነው የመጣኸው?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ሰሌዳውም ላይ በስሜ ፈንታ የአባትሽን ስም…»

«ሴት የሞተችበት ቦታ ላይ የአባቴን ስም? አይሆንም። ስሙን ከጥፋቱ አውጣው እንጂ ሌላ ቦታ አታስገባው። ለእኔም አትንገረኝ። እኔ አውቀዋለሁ። እዚያ ሂድና ለማያውቁት ተናገር።» በሩን ዘጋች። ቆርቆሮውን አልሰጠችኝም።

በማግስቱ ታንዲ ቢሮ ገባሁ። ወንበር አቀረበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። እንደ ፓሌሳ አልሆነችም፤ አቋረጠችኝ።

«ቆይ፣ ባባ። በመጀመሪያው ቀን ምን ነበር ያሉኝ? ሳትራመጂ ተራምጃለሁ ካልሽ ከዚህ በር ውጪ አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ያን ጀማሪ መሪ፣ ሲፎን፣ ለዚህ ብለው አባረሩት። አንድ ቀን ብቻ ዘለለ ብለው! አልቅሶ ለምኖዎት!»

«አባርሬዋለሁ።»

ከዚያ ወረቀት ገፋችልኝ። «ይጻፉት። በራስዎ እጅ።»

በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው የጻፈው ነው፤ አንድ የፊደል ስሕተት የለበትም። መስመሩን የዘረጉት ሞሌፌ እንደነበሩና ደህና እንደነበር፣ ችካሉን የነቀልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ንጋት ላይ ተራምጃለሁ ብዬ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ። ፈረምኩ። ታንዲ አነበበችውና፣ «ይህ ወደ ላይ ይሄዳል። መዝገቡ እንደገና ይከፈታል። ጡረታዎትንም ሊነካ ይችላል፤ ያውቃሉ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኩ። «ቅዳሜ መምጣት ከፈለጉ እንደ ማንኛውም ሰው በአውቶቡስ ይመጣሉ» አለች።

የጀፕ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ሰሙ። ዘነበች ምግብ ቤት፣ ዛሬ የእኅቷ ልጅ የያዘችው፣ ስገባ ወሬው ቆመ። ልጅቷ የቆምኩበት ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ምሳ ሌላ ቦታ ይብሉ» አለችኝ። አልጮኸችም። ወጣሁ።

ቅዳሜ ከጀርሚስተን ተሳፈርኩ። ፌርማታው ላይ ሰሌዳው ተነሥቷል፤ ሁለቱ የእንጨት ምሰሶዎች ብቻ ቆመዋል። ታንዲ በር ላይ ጠጠር ታድላለች። ተራዬ ሲደርስ ሳታየኝ ዘረጋችልኝ።

«መስመሩን ተራምደሽዋል?» አልኳት።

«ተራምጃለሁ።»

«ሁሉንም?»

አሁን አየችኝ። እግሯን አንሥታ ጫማዋን አሳየችኝ። ቆዳው እስከ ቁርጭምጭሚቷ በውርጭ እርሷል፤ የሣር ፍሬ ተለጣጥፎበታል። ከኋላዋ ሣህኗ እንደተከደነ ነው፤ ገና እህል አልቀመሰችም። ይህንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔን ያስተማሩኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው መስመር የሚያልፈው ንታቴ ባሳለፉበት ነው። እሳቱን ሠራተኞች ቆፍረው በጭቃ አፍነውታል፤ ቦታው በሽቦ ታጥሯል። ሰዉ አልፎ ሲሄድ እኔ ከሽቦው አጠገብ ቀረሁ። በእጄ ጀርባ መሬቱን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። ሣሩ ላይ በጥላው በኩል ውርጭ ተኝቷል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

ከበሩ በኩል የታንዲ ድምፅ መጣ፤ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ከዚያ ቆመች።

«አንድ ይጎድላል!» ብላ ተጣራች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ሰዎቹ በመስኮት ወደ ሜዳው ያያሉ።

ተራምጄ ሄጄ ጠጠሬን ሰጠኋት። ቆርቆሮው ውስጥ ጣለችው፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ለሾፌሩ እጇን አነሣች። የዚያን ቀን ቁጥር ሞላ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጎደለው ቁጥር ግን ሶዌቶ፣ ፓሌሳ ቤት ተቀምጧል፤ ሠላሳ አንድ ነው።